ከዘር እስከ አበባ፦ ብርሃኑን መቼ ትጨምራላችሁ፣ መቼስ ትቀንሳላችሁ?

#1 ለምለሚቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ቤት ውስጥ ባለ አራት ደርብ መደርደሪያ አለኝ። በየደርቡ ነጭ የኤልኢዲ መብራት አስሬያለሁ። ታይመሩ ሁሉንም በቀን ለ12 ሰዓት ያበራቸዋል። ከመደርደሪያው አጠገብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ የምትገባበት መስኮት አለ። እስካሁን ዘሩንም፣ ችግኙንም፣ ትልቁንም ተክል በአንድ ዓይነት ብርሃን ነው ያሳደግኩት። አሁን ሦስት ነገር ተበላሸብኝ።

አንደኛው ፔቱኒያ ነው። ዘሩ በ7ኛው ቀን ቆንጆ ሆኖ በቀለ። በ12ኛው ቀን ግን ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው ተመዘዙ። ግማሾቹ ተኝተዋል። መብራቱ ከላያቸው 45 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

ሁለተኛው ጄራኒየም ነው። 8 ቁራጭ ቆርጬ ተከልኩ። ጄራኒየም ፀሐይ ይወዳል ሲባል ስለሰማሁ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። በማግስቱ 6ቱ ጠወለጉ። አፈሩ እርጥብ ነበር፤ ውኃ አልጎደላቸውም።

ሦስተኛው ካላንቾ ነው። አበባውን ከጣለ ዓመት አልፎታል። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ምንም በሽታ የለበትም። እምቡጥ ግን አንድም የለም። ያለው ሳሎን ውስጥ ነው።

የዘር ፓኬቱም ሰዉም "ብዙ ብርሃን"፣ "መካከለኛ ብርሃን" ይላል። ግን ለስንት ዕድሜው? ዘር እያለ ነው ወይስ ሲያብብ? እናንተ እንዴት ነው የምታስተካክሉት?

#2 ጥላ ወዳድ

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም የምከታተለው ስለሆነ መልሱን እዚሁ እጠብቃለሁ። ለጊዜው ግን ቁራጮቹን ዛሬውኑ ከመስኮቱ አንሺያቸው! ነገ እንዳትይ።

#3 ሥር ሰደድ

ለምለሚቱ እህቴ፣ "ለስንት ዕድሜው?" ያልሽው ነገር ነው ዋናው። ብዙ ሰው የተክሉን ስም ይጠይቃል እንጂ ዕድሜውን አይጠይቅም። በችግኝ ጣቢያ 20 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ፔቱኒያ ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ ቢያንስ አራት ጊዜ ቦታ እንቀይርለት ነበር።

ከዘሩ ልጀምር። የፔቱኒያ ዘር ከአቧራ ትንሽ ነው የሚበልጠው። 1 ግራም ውስጥ 10,000 ያህል ፍሬ አለ። እንዲህ ያለ ዘር ስንቁ ትንሽ ነው። ከጥልቅ አፈር ሥር ተነስቶ ወደ ላይ ለመውጣት አቅም የለውም። ስለዚህ ብርሃን ሲያገኝ ነው "ከላይ ነኝ" ብሎ የሚነቃው። አፈሩ ላይ በትነሽ ጫን ታደርጊዋለሽ እንጂ አታለብሺውም። ቤጎኒያም እንደዚሁ ነው። ሳይክላመን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጨለማ ካላገኘ መብቀሉ ይዘገያል። በዚህ ደረጃ ብርሃኑ ጠንካራ መሆን የለበትም። መኖሩ ይበቃል። እንዲያውም ኃይለኛ ከሆነ የአፈሩን ገጽ ያደርቅና ዘሩን ይገድለዋል። አንቺ ይሄን በትክክል ሠርተሻል፤ በ7 ቀን መብቀሉ ምስክር ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘሩ የበቀለ ዕለት ብርሃኑ መጨመር ነበረበት። በሳምንቱ አይደለም፤ በዚያው ዕለት። ከአፈር ሥር ያለ ቡቃያ ያለውን ጉልበት ሁሉ የሚያውለው ግንዱን ለማስረዘም ነው፣ ብርሃን ጋ እስኪደርስ። በቂ ብርሃን ሲያገኝ መርዘሙን ትቶ ቅጠሉን ያሰፋል፣ ግንዱን ያወፍራል። ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ግን ገና ከአፈር ሥር ያለ ይመስል መመዘዙን ይቀጥላል። ያንቺ ችግኞች የሆኑት ይሄንን ነው። 45 ሳንቲ ሜትር በጣም ሩቅ ነው።

ሌላም ሁለት ነገር አለ። ችግኞቹ ተጨናንቀው ከሆነ አሳሺያቸው። የጎረቤት ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይወስድና በዓይናችን እምብዛም የማይታየውን ጥልቅ ቀይ ያሳልፋል፣ ያንጸባርቃልም። ችግኙ ይሄን ልዩነት ያውቃል፣ ባላንጣ እንዳለው ይረዳና ሽቅብ ይሮጣል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሙቀት በዝቶ ብርሃን ሲያንስ የባሰ ይመዘዛል። ዘሩን ለማብቀል ከሥር ማሞቂያ አድርገሽ ከሆነ አሁን አንሺው።

የቁራጮቹ ነገር ሌላ ነው። ተመልሼ እጽፋለሁ።

#4 ለምለሚቱ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ማሞቂያው እስካሁን እንደበራ ነው፤ አሁን አጠፋሁት። ቁራጮቹንም አንስቻለሁ። የተመዘዙት ችግኞች ይድናሉ ወይስ እንደገና ልዝራ?

#5 ሥር ሰደድ

ሁለቱንም አድርጊ። የተመዘዘ ግንድ ተመልሶ አያጥርም። ግን ያልተኙትን ለቅመሽ፣ መጀመሪያ እስከወጡት ሁለት ቅጠሎች ሥር ድረስ ቀስ አድርገሽ ላላ ያለ አፈር አስጠጊላቸው። ገሚሱ ይተርፋል። ለመተማመኛ አዲስ ዝሪ።

አሁን ወደ ቁራጮቹ። ቁራጭ ማለት ሥር የሌለው ቅጠል ነው። ፀሐይ ስትመታው ውኃው በቅጠሉ በኩል ይወጣል። የሚተካበት ሥር የለውም። አፈሩ ቢረጥብም ቅጠሉ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው የጠወለጉት። እናቲቱ ጄራኒየም ያንኑ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ትችላለች፤ ከእርሷ የተቆረጠው ልጅ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አይችልም።

አንዳንዶች ይሄን ሲሰሙ ቁራጩን ጨለማ ጓዳ ውስጥ ያስገቡታል። ያም አይሆንም። ሥር የሚሠራው ከስኳር ነው፣ ስኳሩ የሚመጣው ደግሞ ከብርሃን ነው። ጋዜጣ ያለ መብራት እንደ ልብ የሚነበብበት፣ የፀሐይ ጨረር ግን የማይነካው ቦታ ፈልጊ። በችግኝ ጣቢያችን ከጥላ መረብ ሥር ነበር የምናስቀምጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ቁራጭ በሁለት ጣትሽ ይዘሽ በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ሳይንቀሳቀስ ያዝ ካደረገሽ ሥር አውጥቷል። ከዚያ ጀምሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ ፀሐዩ አስጠጊው። ሥር ካወጣ በኋላ ጥላ ውስጥ ብትተዪው ደግሞ ይመዘዛል።

#6 ቁጥር ወዳድ

የጋሼን ጽሑፍ በጉጉት ነው ያነበብኩት። እኔ ትንሽ ቁጥር ልጨምርበት፤ "ሩቅ"፣ "ቅርብ" ስንል እያንዳንዳችን የምናስበው የተለያየ ስለሆነ ነው።

ዓይናችን ለዚህ ሥራ መጥፎ መለኪያ ነው። ደጅ በጠራ ቀን ብርሃኑ ከ100,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ያልፋል። የሳሎን መሃል 200 ወይም 500 ሉክስ ቢሆን ነው። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ከደጅ ስንገባ ግን ቤቱ "ትንሽ ደብዘዝ ያለ" ብቻ ነው የሚመስለን፤ ዓይናችን ወዲያው ራሱን ስለሚያስተካክል። ተክሉ እንዲህ ማድረግ አይችልም።

ለምለሚቱ፣ ስልክሽ ላይ የብርሃን መለኪያ አፕ ጫኚ። ስልኩን በቅጠሎቹ ከፍታ ላይ አስተኚና አንብቢ። ልኩ ፍጹም አይሆንም፤ አንዱን ቦታ ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ተክሉ የሚያገኘው ብርሃን እንደ ዝናብ ነው ብለሽ አስቢ። በአንድ ደቂቃ ምን ያህል ይወርዳል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ ምን ያህል ሆነ የሚለው ሌላ ነው። ለተክል ዕድገት ዋናው የቀኑ ድምር ነው። የሚለካው በሞል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፍ የብርሃን ቅንጣት ብዛት ማለት ነው። ለነጭ ኤልኢዲ የሉክሱን ቁጥር ለ70 ስታካፍዪ በሴኮንድ የሚያርፈውን ማይክሮሞል (የሞል አንድ ሚሊዮንኛ) በግርድፉ ታገኛለሽ። ለፀሐይ ብርሃን ለ54 ታካፍያለሽ። ያንን በ3,600 እና በበራበት ሰዓት አባዢ፣ ለ1,000,000 አካፍዪ።

መብራትሽን ለክተሽ ንገሪን፣ አብረን እናስላ። ግን ሐምራዊ መብራት ያላችሁ ሰዎች፣ የሉክስ መለኪያ ለእናንተ አይሆንም። ሉክስ የሚለካው ለሰው ዓይን የሚጎላውን አረንጓዴና ቢጫ ስለሆነ ሐምራዊውን አሳንሶ ያሳያችኋል።

#7 ለምለሚቱ

ለካሁ! በ45 ሳንቲ ሜትር 3,500 ሉክስ። መብራቱን ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ሳወርደው 12,000 ሆነ። እንዲህ ይለያያል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም። በዓይኔ ሳየው ልዩነቱ ይሄን ያህል አይደለም።

#8 ቁጥር ወዳድ

በጣም ጥሩ። 3,500 ለ70 ሲካፈል 50 ነው። በ12 ሰዓት ድምሩ 2.2 ሞል ገደማ ይሆናል። ለፔቱኒያ ችግኝ ይሄ ረሃብ ነው። 12,000 ለ70 ደግሞ 171 ነው። ታይመሩን ወደ 16 ሰዓት ብታደርጊው ወደ 10 ሞል ይጠጋል። ለአብዛኛው የአበባ ችግኝ ጥሩ የሚባለው ከ6 እስከ 12 ባለው መካከል ስለሆነ እዚያው ነሽ። ከፍ ሲል፣ እምቡጥ ሊይዝ ሲል፣ ከዚህም በላይ ይወዳል።

አንድ ሰው "ሰዓት ከምጨምር መብራት ልጨምር" ቢል ያው ነው፤ ድምሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ዕድገቱ ይቀራረባል። ወጣት ችግኝ ግን መጠነኛ ብርሃን ለረጅም ሰዓት ቢያገኝ ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ አይቃጠልም።

#9 አዲስ ገቢ

ታዲያ 24 ሰዓት ቢበራስ? የበለጠ አያድግም?

#10 ሥር ሰደድ

አይ ወንድሜ፣ ጨለማውንም ተውለት። ተክል የራሱ የሰዓት አቆጣጠር አለው። ያለ ሌሊት ሲውል የሚጎዳ ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ እያወጣ ቢጫ የሚሆን አለ። የአፍሪካ ቫዮሌት ለምሳሌ ከ8 ሰዓት ያላነሰ ጨለማ ካላገኘ አበባው ይሳሳል። ለችግኝ 16 ሰዓት በቂ ነው። ደግሞም ለአንዳንድ ተክል ሌሊቱ ራሱ ነው ሥራው፤ የለምለሚቱ ካላንቾ ጉዳይ ይኸው ነው። እሱ ላይ እመጣለሁ።

#11 ጥላ ወዳድ

እኔ የአበባ ሰው አይደለሁም፤ የምሰበስበው የቅጠል ተክሎችን ነው። ግን ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነገር ስለደረሰብኝ ልንገራችሁ። ሌላ ሰው ባይደርስበት ደስ ይለኛል።

ሙሉ ፀሐይ ላይ ያደገ ፊከስ ቤንጃሚና ነበረኝ፤ ቁመቱ ሰው ያክላል። ቤት ውስጥ አስገብቼ ከመስኮት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ አቆምኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ማራገፍ ጀመረ። ጧት ጧት ወለሉን ስጠርግ አንድ እፍኝ ቅጠል ነው የማነሳው፤ ገና አረንጓዴ የሆነ። እኔ ጠምቶት ነው ብዬ ውኃ ጨመርኩ። ባሰበት። ከፖቱ ሳወጣው ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፣ ይሸታል።

በኋላ ነው የገባኝ። ፀሐይ ላይ የወጣ ቅጠል ወፍራምና ጠባብ ነው፤ ብዙ ብርሃን ለማስተናገድ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቅጠል ራሱን ለማኖር ብቻ ብዙ ይበላል። ጥላ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ከሚያወጣው ያንሳል። ስለዚህ ዛፉ ይጥለዋል። ከዚያ ለጥላ የሚሆን ሳሳና ሰፋ ያለ ቅጠል ያወጣል፣ ከታገስነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ውኃ የሚጠጣው ቅጠል ስለቀነሰ ፍላጎቱ ወርዷል። እኔ ግን ጨመርኩለት። ብርሃን ከቀነሳችሁ ውኃም ማዳበሪያም ቀንሱ። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ተክል ስገዛ ምን ዓይነት ብርሃን ውስጥ እንዳደገ እጠይቃለሁ። ከደጅ የማስገባውንም በአንድ ቀን አላስገባም። መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር፣ መጨረሻ ላይ ወደ ቦታው። ለትልቅ ዛፍ ሁለት ወርም ይፈጅብኛል።

#12 ማለዳ

የጥላ ወዳድን ተቃራኒ ነው እኔ የሠራሁት። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የነበረ ፖቶስ "ትንሽ አየር ያግኝ" ብዬ እኩለ ቀን ላይ ደጅ አወጣሁት። ሁለት ሰዓት ብቻ። ስመለስ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ላይ ነጭ ነጭ ምልክት ወጥቷል፣ ልክ ወረቀት እንደተለጠፈበት። በሦስተኛው ቀን ወደ ቡናማ ተለወጠና ደርቆ ተሰነጠቀ። ያ ምልክት እስካሁን አለ። ፀሐይ የመታው ቅጠል ተመልሶ አይድንም እንዴ?

#13 ሥር ሰደድ

የተጠበሰው ቦታ አይመለስም። ቅጠሉ ግን የቀረው አካሉ አረንጓዴ ከሆነ አትቁረጪው፣ እየሠራ ነው። አዲስ ቅጠል ሲተካ ያን ጊዜ ታነሺዋለሽ።

ወደ ደጅ የሚወጣ ማንኛውም ችግኝም ሆነ ተክል ከ7 እስከ 14 ቀን መለማመድ አለበት። የመጀመሪያው ቀን የጧት ፀሐይ ብቻ፣ አንድ ሰዓት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ትጨምሪለታለሽ። የጧት ፀሐይ ከእኩለ ቀኑና ከከሰዓቱ ይሻላል፣ አየሩም ቅጠሉም ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ። የደመና ቀን ካገኘሽ ለመጀመሪያው ቀን እሱን ምረጪ። ንፋሱንም አስቢበት። ቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ንፋስ አያውቅም።

#14 ኦርኪድ በመስኮት

ቁጥሩም ትምህርቱም ደስ ይላል። እኔ ግን ከምንም በላይ የማምነው አዲሱን ቅጠል ነው። አሮጌው ቅጠል ያለፈውን ታሪክ ነው የሚነግራችሁ። ዛሬ ብርሃኑ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ አሁን እየወጣ ያለው ነው።

ፋላኖፕሲስ ኦርኪዶቼ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲያምር ብርሃን እንደጎደላቸው አውቃለሁ። ሰው "እንዴት ያምራል!" ይለኛል፤ አበባ ግን የለውም። ወደ ሳር አረንጓዴ ፈካ ሲል ነው ደስ የሚለኝ። ጠርዙ ላይ ቀላ ካለ ድንበሩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ቢጫ ከሆነ አልፏል። እጄንም ቅጠሉ ላይ አሳርፋለሁ። ከእጄ የሚሞቅ ከሆነ መጋረጃ እስባለሁ።

ለፋላኖፕሲስ የአበባውን ዘንግ የሚጠራው የቀኑ ርዝመት አይደለም። ከ25 ዲግሪ ዝቅ ያለ ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት። ግን ብርሃን ሳይጠራቀም ቀርቶ ቅዝቃዜው ብቻውን ቢመጣ ዘንጉ ቀጭን፣ አበባው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ከቀዝቃዛው ወቅት በፊት ባሉት ወራት ነው ብርሃኑን የማበዛላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ። ቅጠል ብቻ እያወጣ ሳለ ፖቱን በየሳምንቱ ሩብ ዙር አዞረዋለሁ፣ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል። ዘንጉ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ግን አልነካውም። እምቡጦቹ አቅጣጫቸውን የሚይዙት ከብርሃኑ ነው። ካዞርኩት አንዱ አበባ ወደ መስኮቱ፣ ሌላው ወደ ግድግዳው ይዞራል። ካልነካሁት ግን ሁሉም ተሰልፈው በአንድ ፊት ይከፈታሉ። አንዴ ከተከፈቱ በኋላ ወደ ሳሎን፣ ቀዝቀዝና ደብዘዝ ወዳለ ቦታ እወስዳቸዋለሁ። ረዘም ላለ ጊዜ ይቆዩልኛል።

#15 ቁጥር ወዳድ

ከአዲሱ ቅጠል ጋር እስማማለሁ። ችግሩ ግን ቅጠሉ የሚነግርህ ዘግይቶ ነው። ኦርኪድ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ወራት ይፈጅበታል። ችግኝ ደግሞ በሦስት ቀን ይመዘዛል፤ ምልክቱን ስታይ አልፏል። ለዚህ ነው ለትንሹ መለኪያ፣ ለትልቁ ዓይን የምለው።

#16 ኦርኪድ በመስኮት

ይሄን እቀበላለሁ። እኔ ችግኝ አላሳደግኩም።

#17 አዲስ ገቢ

ስለ መስኮት አንድ ጥያቄ። "ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ከሁሉም ይበልጣል" ይባላል። እውነት ነው?

#18 ቁጥር ወዳድ

ከምድር ወገብ በጣም ርቆ በሰሜን በኩል ለሚኖር ሰው እውነት ነው። በደቡብ በኩል ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ወደ ሰሜን የሚያየው ነው የሚበልጠው። ወደ ምድር ወገብ ለሚቀርብ ሰው ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለሆነች በመስኮት ብዙ አትገባም። ለእርሱ የምሥራቁና የምዕራቡ መስኮት ናቸው ዋናዎቹ። ወቅቱም ይቀይረዋል። የትም ብትሆን ግን ከመስኮቱ ወደ ውስጥ በራቅክ ቁጥር ብርሃኑ በጣም ይወርዳል። ከመስኮቱ ሥርና ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ በስልክህ ለካና እይ።

መለኪያ ከሌለህ ነጭ ወረቀት አስቀምጠህ እጅህን ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ዘርጋ። የጣቶችህ ጥላ ጥርት ብሎ ከተቆረጠ ብርሃኑ ብዙ ነው። ጠርዙ ከደበዘዘ መካከለኛ ነው። እጅህ መሆኑ እንኳ ካልታወቀ ደካማ ነው።

#19 ሥር ሰደድ

ስለ ካላንቾው ቃል ገብቼ ነበር።

ለምለሚቱ፣ ተክልሽ አልታመመም። ሌሊቱን እየጠበቀ ነው። ካላንቾ፣ ፖይንሴቲያና ክሪሳንተመም የሚያብቡት ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ይሄን ነገር ለዓለም ያሳወቁት ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1920። ለምልሞ የሚያድግ ግን የማያብብ የትምባሆ ዓይነት ነበራቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት ሲያስገቡት አበበ። ቆይቶ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሃምነርና ቦነር በሌላ ተክል ሞክረው ተክሉ የሚቆጥረው ሌሊቱን መሆኑን አሳዩ። ረጅሙን ሌሊት መሃል ላይ ለአጭር ጊዜ በብርሃን ብትቆርጪው ተክሉ ሁለት አጭር ሌሊት አድርጎ ይቆጥረዋል። አያብብም።

አሁን ሳሎንሽን አስቢ። ማታ መብራት ይበራል፣ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ትቆያላችሁ። ለካላንቾው ሌሊቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። እስኪነጋ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ብቻ ይቀረዋል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሚኖረው።

ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት በካርቶን ሸፍኚው፤ 14 ሰዓት ጨለማ ይሆናል። ለ6 ሳምንት አንድም ቀን ሳታቋርጪ። በካርቶኑ ቀዳዳ ብርሃን እንዳይገባ በጨርቅ አልብሺው። ቀን ቀን ግን ከምታገኚው ሁሉ የተሻለውን ብርሃን ስጪው፣ እምቡጡን የሚሠራው በቀኑ ስኳር ነውና። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጨለማ ሲባል ቀኑንም ያጨልመዋል።

እኛ ክሪሳንተመም ላይ ሁለቱንም እንጠቀም ነበር። ግንዱ እስኪረዝም ድረስ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ደብዘዝ ያለ መብራት እናበራለን። እያደገ ይቆያል፣ አያብብም። ቁመቱ ሲበቃን መብራቱን እናቆማለን። ከዚያ እምቡጥ ይይዛል። ያ መብራት ለማሳደግ የሚበቃ አልነበረም፤ ሌሊቱን ለመቁረጥ ብቻ ነው።

#20 ለምለሚቱ

ጋሼ፣ ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ፔቱኒያው 16 ሰዓት ብርሃን ከፈለገ፣ ካላንቾው ደግሞ 14 ሰዓት ጨለማ ከፈለገ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ በአንድ ታይመር አይኖሩም ማለት ነው?

#21 ሥር ሰደድ

አይኖሩም። ፔቱኒያ ቀኑ ሲረዝም ነው ቶሎ የሚያብበው። የአንዱ ቀን የሌላው ሌሊት ነው። ለየብቻ ታይመር አድርጊላቸው፣ በመካከላቸውም ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥዪ። ከላይኛው ደርብ የሚፈሰው ብርሃን የታችኛውን ሌሊት ለመቁረጥ ይበቃልና።

#22 ጥላ ወዳድ

ስለ ዥጉርጉር ቅጠሎችም ትንሽ ልጨምር። ነጭ የሆነው የቅጠሉ ክፍል አረንጓዴው የለውም፣ ስለዚህ ምግብ አይሠራም። እንዲህ ያለ ተክል ከሙሉ አረንጓዴው ወንድሙ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ግን ቀጥታ ፀሐይ ቶሎ የሚያቃጥለው ያንኑ ነጩን ነው። መስኮቱ ላይ ስስ መጋረጃ አድርጉለት። ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ካወጣ ቁረጡት፣ አለዚያ እሱ ፈጥኖ አድጎ ሌላውን ይውጠዋል። አቧራም ጥረጉ። በአቧራ የተሸፈነ ቅጠል መጋረጃ የተጋረደ መስኮት ነው።

#23 ማለዳ

ኤቼቬሪያዬም እንደ ፔቱኒያው ተመዝዟል። እንደ ጽጌረዳ የተደራረበው ቅጠሉ ተራርቆ ግንዱ ይታያል። እሱስ?

#24 ሥር ሰደድ

እሱም አያጥርም። አናቱን ከትንሽ ግንድ ጋር ቁረጪው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀን አቆዪው፣ ከዚያ ደረቅ አፈር ላይ አስቀምጪው። ሥር እስኪያወጣ ለስላሳ ብርሃን፣ ሥር ካወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ። ያው የቁራጭ ሕግ ነው። የቀረውን ጉቶ አትጣዪው፤ ከጎኑ ሌላ ያበቅላል።

#25 ለምለሚቱ (ከ8 ሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ሁለተኛው የፔቱኒያ ዘር የበቀለ ዕለት መብራቱን ወደ 18 ሳንቲ ሜትር አወረድኩት። ችግኞቹ ሲያድጉ እኔም መብራቱን ከፍ እያደረግኩ ርቀቱን ጠበቅኩ። አሁን ግንዳቸው እንደ ክብሪት እንጨት ወፍሯል፣ በእጄ ዳሰስ ሳደርጋቸው ይመለሳሉ እንጂ አይተኙም። ከመጀመሪያዎቹ፣ ካልተኙት፣ አፈር ያስጠጋሁላቸው 5 ተርፈዋል። እነሱም አድገዋል፤ ግን ሥራቸው ላይ ያ ቀጭን ግንድ እስካሁን ይታያል። አራት ሳምንት ሲሆናቸው መሃላቸውን ቀንጥሼ ስለነበር ቁጥቋጦ ሆነዋል።

ከጄራኒየሞቹ ሁለቱ ጥላ ውስጥ ገብተው ተርፈዋል። ሳብ ሳደርጋቸው ያዝ አደረጉኝ። እንዴት እንደተደሰትኩ! በሳምንት ውስጥ ወደ መስኮቱ መለስኳቸው፣ መጀመሪያ በመጋረጃ፣ ከዚያ ያለ መጋረጃ። ያንኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አሁን ይችሉታል።

ካላንቾውን 6 ሳምንት ሙሉ ሸፈንኩ። አንድ ቀን ማታ ረስቼ ከእንቅልፌ ተነስቼ በጨለማ ነው የሸፈንኩት፣ መብራት እንኳ አላበራሁም። በ7ኛው ሳምንት ቅጠሎቹ መሃል ላይ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ አረንጓዴ ነጥቦች አየሁ። ትናንት በማጉያ መነጽር ስቆጥር 40 አለፉ። ጫፋቸው ላይ ቀይ መስመር አለ።

ካርቶኑን አሁን ልተወው? ወይስ እስኪከፈቱ ልቀጥል?

#26 ሥር ሰደድ

እምቡጡ ከታየ ጨለማው ሥራውን ጨርሷል። ካርቶኑን አንሺው። እምቡጦቹ ቀለም እስኪይዙ ብርሃኑ ጥሩ ወደሆነው መስኮት አስጠጊው፣ የከሰዓቱን ፀሐይ በስስ መጋረጃ አብርጂለት። ሲከፈቱ ወደ ሳሎን መልሺው። ፎቶውን እጠብቃለሁ።